የገና ሺፍት በላስ ቬጋስ

ከላስ ቬጋስ ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቁማር ቤቱን አየሽው ወይ?» አዎ፣ አየሁት። ያብረቀርቃል፣ ይጮኻል፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም። በቃ ይኸው ነው። እኔ ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ፈረንጆቹ የታኅሣሥ በዓል፣ ስለ ታናሽ እህቴ ስለ ሰዓዳና ከእሷ በታች ባለው ፎቅ ስለምትኖረው ስለ ወርቅነሽ። ያን አገር የማየት ዕድል የሌላችሁ ጎረቤቶቼ አብራችሁኝ እንድትጓዙ ከመነሻው ልጀምር።

ሰዓዳ በስልክ «እቴቴ፣ ሙቅ ልብስ ያዢ» ስትለኝ ስቄባት ነበር። እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ላስ ቬጋስ በረሃ ላይ እንደተሠራ ማን ይነግረኛል? በዚያ ላይ የደሴን ውርጭ የለመደ ሰው ምን ይሆናል ብዬ ስስ ቀሚሶችና አንድ ነጠላ ብቻ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። የቀረውን ቦታ ቆሎና በሶ ሞላሁበት። በማለዳ አውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ፤ አደርኩና በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ስለ በረራው ብዙ አልልም፤ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሲያንኮራፋ እኔ ዱዓ ሳደርግ ደረስን።

የመጀመሪያው ጉድ የገጠመኝ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከአውሮፕላኑ ወርጄ ትንሽ እንደሄድኩ በመብራት ያሸበረቁ ማሽኖች ተደርድረው አየሁ። አንዲት አሮጊት አንዱ ፊት ተቀምጣ ቁልፉን ትጫናለች። ሻንጣ የሚወሰድበት ወረቀት የሚሰጥ መሰለኝና ከኋላዋ በትሕትና ተሰለፍኩ። ሴትዮዋ አልነሳ አለች። እኔም የሰው ተራ አላቋርጥም ብዬ ቆምኩ፣ ቆምኩ። በመጨረሻ ስልኬ ጮኸ፤ ውጭ የምትጠብቀኝ የሰዓዳ ልጅ ሐያት ነበረች። ያለሁበትን ስነግራት ሳቋ አላናግር አላት፤ ለካ የተሰለፍኩት የቁማር ማሽን ላይ ኖሯል።

«አክስቴ! ገና ከመምጣትሽ ጋምብል እያደረግሽ ነው?»

ሐያት እዚያው ተወልዳ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት። አማርኛዋ እንደ እንግዳ ሰው ነው፤ በጥንቃቄ ይገባና ቶሎ ይወጣል። ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ አማርኛዋ ምንም አልጎደለውም ነበር። ሰዓዳ ሥራ ላይ ስለነበረች ያገኘኋት ማምሻውን ነው፤ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር፣ የሆቴል ሠራተኞች በሚበዙበት አፓርታማ፣ ከነዩኒፎርሟ። ከስንት ዓመት በኋላ ሳያት ፀጉሯ ሸብቷል። እጇን ይዤ ቆምኩ፤ እሷም አልለቀቀችኝም። ባሏ ጀማል «ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ» ባይለን ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው ነበርን።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ልቀመጥ ወጣሁና ጂኦግራፊዬ ጉድ አደረገኝ። በረሃ በታኅሣሥ ማለዳ እንዴት እንደሚቆነጥጥ ለተማሪ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ለራሴ ግን አልነገርኩትም። በነጠላዬ ተጀቡኜ ስንቀጠቀጥ ከፊት ለፊት በር አንዲት ፈረንጅ ወጣች። ሊንዳ ትባላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ስታድል ኖራ ጡረታ የወጣች ባልቴት ናት። አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች፣ የራሷን ወፍራም ኮት አምጥታ አለበሰችኝና ቁልፉን እስከ አንገቴ ቆለፈችው። እኛ ለእንግዳ ውሃ እናቀርባለን፤ እሷ ኮት አቀረበች። እስክመለስ ድረስ ያን ኮት አላወለቅኩም።

የበዓላቸውን ነገር ያስጎበኘችኝ እሷው ናት፤ ሐያት እያስተረጎመች። ዛፍ ቆርጠው ቤት ውስጥ ያቆማሉ። ግድግዳ ላይ ትልልቅ ካልሲ ይሰቅላሉ፤ ለመልበስ አይደለም፣ ጣፋጭ ሊከቱበት ነው። ለባለ ጢሙ የገና አባት ብስኩትና ወተት፣ ጋሪውን ለሚጎትቱለት አጋዘኖች ካሮት አስቀምጠው ይተኛሉ። ሆን ብለው እጅግ አስቀያሚ ሹራብ ይገዙና ማን የባሰውን ለበሰ ብለው ይወዳደራሉ። እኛ ለበዓል ያለችንን ነጭ አጥበን እንደምንለብስ ስነግራት ሊንዳ ተገርማ ራሷን ነቀነቀች። ውጭ ደግሞ የተምር ዛፎቹ ሳይቀሩ ከእግር እስከ ራሳቸው አምፖል ተጠምጥሞባቸዋል።

ሐያት ያኔ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ልጅ ሆና የገና አባት በጭስ ማውጫ ነው የሚገባው ሲሏት፣ እነሱ ቤት ጭስ ማውጫ የለምና ትጨነቅ ነበር። «ወርቅዬ ግን በበረንዳ ይመጣል፣ እኔ በሩን ኦፕን አደርግለታለሁ አለችኝ። እኛ እኮ ሙስሊም ነን! ግን ጠዋት በረንዳው ላይ ብርቱካን አገኘሁ።»

ወርቅነሽን በስልክ አውቃታለሁ። ሰዓዳ ስትደውል ከጀርባ «እትዬ ዘሃራን ሰላም በይልኝ» የምትል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሁለቱ አንድ ሆቴል ክፍል ያጸዳሉ። ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ አንዷ የቀን፣ ሌላዋ የማታ ሺፍት እየገቡ ልጆቹን ተቀባብለው ነው ያሳደጉት። «እሷስ የታለች? ሰላም ልበላት እንጂ» ስል ሐያት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አይነጋገሩም፣ አክስቴ። ከኢድ ጀምሮ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ ያሉ ሐበሾች የራሳቸው የበዓል ወግ አላቸው፤ ሺፍት መለዋወጥ። ሰዓዳ በየዓመቱ ለእኛው ገና የወርቅነሽን ሺፍት ትሠራለች፤ ወርቅነሽ በፈንታዋ ለኢድ የሰዓዳን ትሠራለች። ባለፈው ኢድ ካላንደር ላይ ዓርብ ነው የሚለውን አይተው ለዓርብ ተቀያየሩ። ጨረቃ ግን ለካላንደር አትታዘዝም፤ ረቡዕ ምሽት ታየችና ኢዱ ሐሙስ ሆነ። ሰዓዳ ደወለች፣ ደጋግማ ደወለች። ወርቅነሽ ያን ምሽት ኦቨርታይም ላይ ነበረች፤ ስልኳ ደግሞ ሆቴሉ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ እስከ ዓርብ ቀረ። ሰዓዳ የኢድ ሶላት አምልጧት ቀኑን ሙሉ የሰው አልጋ ስታነጥፍ ዋለች። ዓርብ ጠዋት ወርቅነሽ ምንም ሳትሰማ «እንኳን አደረሰሽ» ልትል ኬክ ይዛ ስትመጣ፣ ሰዓዳ በሰው ፊት «የእኔ በዓል ላንቺ ምንሽ ነው!» አለቻት። ወርቅነሽ ኬኩን አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ደረጃ አይወርዱም። ዘንድሮ ወርቅነሽ ለገና ሺፍቷን ማንንም አልለመነችም፤ ልትሠራ ነው።

ይህን ስሰማ እህቴን ታዘብኳት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? እህቴ አምስት ወቅት የምትሰግድ ሴት ናት። እዚያ አገር ደግሞ እህት የላትም፤ ያቺው ወርቅነሽ ናት። እኔ በጥር መግቢያ እመለሳለሁ፤ እንደተኳረፉ ትቻቸው ብሄድ እህቴን ብቻዋን ትቻት መሄዴ ነው። በሦስተኛው ቀን ሰዓዳ ሥራ እንደገባች ኮቴን ለብሼ ወደ ታች ወረድኩ።

ወርቅነሽ በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ወይኔ፣ እትዬ ዘሃራ! ፊትዎ የሰዓዳ ፊት!» ብላ እየሳመች አስገባችኝ። የገና ጾም ላይ ስለነበረች በምስር ወጥ አስተናገደችኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ደሴ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሰዓዳ ግን አንድም ቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ኋላ ሎሚ ልታወጣ ፍሪጁን ስትከፍት ፍሪዘሩም አብሮ ተከፈተና ሁለት ዶሮ ከውስጥ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ላነሳላት ጎንበስ ስል ላስቲኩ ላይ በዓረብኛ «ሐላል» የሚል አየሁ።

ወሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ክርስቲያኑ ለገና ሲያርድ ለእስላም ጎረቤቱ የእስላሙን ሥጋ ለብቻ፣ በእስላም እጅ አሳርዶ፣ በሌላ ድስት ያሰናዳል። እስላሙም ለኢድ እንዲሁ። የአዲስ አበባዋ ልጅ ይህን ከእህቴ ተምራለች። ከምድጃዋ በላይ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር የታሰረበት ድስት ተሰቅሏል። የእነ ሰዓዳ ድስት እሱ ነው።

«ሳትነጋገሩም ገዛሽላት?» አልኳት።

«ገና ነዋ፣ እትዬ። ሰው ምን ይታወቃል፣ ትመጣ ይሆናል ብዬ ነው» አለችና ዶሮዎቹን ተቀበለችኝ። ከዚያ ክንዴን ያዘች። «እባክዎ እንዳይነግሯት። ስለ ዶሮው ብላ እንድትመጣ አልፈልግም። ልቧ ሲፈቅድ ትምጣ።»

ቃል ገባሁላት። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደከበደኝ ያውቃል። ምሥጢር ሆዴ ውስጥ አይቀመጥም፤ እንደ በሶ ያብጣል። ማታ ከሰዓዳ ጋር ራት ስንበላ አፌን በምግብ ሞልቼ አመሸሁ ማለት ይቻላል።

በፈረንጆቹ በዓል ዋዜማ ሊንዳ የደረጃውን ጎረቤት ሁሉ ከሰዓት በኋላ ጠራች። ለእኛ ለእስላሞቹ ለብቻ ጠረጴዛ አዘጋጅታ፣ አሳማ በቀይ መስመር የተሰረዘበት ሥዕል በራሷ እጅ ስላ ለጥፋበታለች። እኔ ግን ገና ከመግባቴ አሳፈርኳት። መሐል ላይ ከብስኩት የተሠራ ቆንጆ ትንሽ ቤት ተቀምጧል፤ ጣሪያው ስኳር ነው። ለእንግዳ የቀረበ መስሎኝ በሩን ገንጥዬ በላሁት። ሐያት «አክስቴ! ኦ ማይ ጋድ፣ ለማየት ነው!» ስትል መሬት ብትከፈት በገባሁ። ሊንዳ መጣች፣ ቤቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጭስ ማውጫውን ሰብራ አፏ ውስጥ ከተተችውና ጨበጠችኝ። ያኔ ወደድኳት።

ቀጥሎ የስጦታ ጨዋታ መጣ። ሁሉም አንዳንድ የተጠቀለለ ስጦታ አምጥቶ መሐል ያስቀምጣል። ሊንዳ ድሮ በለመደችው እጅ ካርታ በጠረጴዛው ላይ እያንሸራተተች አደለችን፤ ካርታው ተራችሁን ይነግራችኋል። ተራው የደረሰ አንዱን ይፈታል፤ ካልፈለገ ግን ሰው የያዘውን ነጥቆ መውሰድ ይችላል! እኔ ይህን ሳልረዳ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ ደረሰኝ። «አልሐምዱሊላህ» እያልኩ ሳቅፈው የአጋዘን ሹራብ የለበሰ ግዙፍ ሰውዬ መጥቶ ያዘው። እንግዳ ይነጠቃል እንዴ? አልለቅም አልኩ፤ እሱም ሳበ፣ እኔም ሳብኩ።

«ልቀቂ አክስቴ፣ ሩሉ ነው!» አለች ሐያት። ለቀቅኩ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ አይደል የሚባለው? ሌላ ስፈታ የሰው ቅርጽ ያለው ሻማ ወጣልኝ።

ሰዓዳ የፈታችው እግር የሚያሽ ማሽን ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትውል ሴት ከዚህ የበለጠ የለም። ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደ ሕፃን ደባበሰችው። የመጨረሻውን ካርታ የያዘችው ወርቅነሽ ነበረች፤ እስካሁን ጥግ ላይ ተቀምጣ ነው የቆየችው። ተነሳች። ሁሉም ብርድ ልብሱን ትወስዳለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ቤቱን አቋርጣ እህቴ ፊት ቆመችና ሁለት እጇን ዘረጋች። ሐያት ክንዴን ጨመቀችኝ።

ሰዓዳ ማሽኑን ደረቷ ላይ አጣብቃ «ወርቄ ትሙት አልሰጥሽም!» አለች።

አፏ ለምዶ ነው። ሁልጊዜ የምትምለው በእሷ ነበርና ከስንት ወር ዝምታ በኋላ ለወርቅነሽ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል በወርቅነሽ የማለችው መሐላ ሆነ። ሁለቱም ደነገጡ።

«በእኔው ምለሽም አልምርሽ፤ አምጪ» አለች ወርቅነሽ።

ሰዓዳ ሳቀች። ወርቅነሽም ሳቀች፣ ማሽኑን ነጥቃ ይዛው ሄደች። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ፤ እኔ ዓይኔን በሊንዳ ኮት እጅጌ ጠረግሁ። የማትቀርቡትን ሰው ማን ይነጥቃል? ሰው የሚነጥቀው የራሱን ሰው ነው።

ግን እህቴን አውቃታለሁ፤ ሳቅ ዕርቅ አይሆንላትም። በማግስቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ ሁለቱም ሥራ ዋሉ። የሜክሲኮና የፊሊፒንስ ሴቶች እንዲያርፉ ያን ቀን ሐበሾቹ ናቸው የሚገቡት። ጀማልም ታክሲውን ይዞ ወጣ። ከቤት ያልወጣነው እኔና ሐያት ብቻ ነበርን፤ የቀረውን የብስኩት ቤት ሊንዳ አምጥታልን እሱን ስንቆረጥም ዋልን። ማታ ሰዓዳ ስትገባ «ወርቄ በደረጃው ሰላም አለችኝ» አለችና ወደ መኝታዋ ሄደች።

ከሁለት ቀን በኋላ ጀማል ቻርልስተን ወደሚባለው ተራራ ወሰደን። ከተማው ውስጥ አሸዋና የተምር ዛፍ ነው፤ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ስትወጡ ጥድ ነው፣ ጥዱም ነጭ ነው። በረዶ የእኛም አገር ይጥላል፤ የእኛው ግን እንደ ጠጠር እየጮኸ ወርዶ ሰብል ያወድማል። ይሄኛው ድምፅ የለውም። ጀማልና ሐያት በበረዶ ሲወራወሩ እኔና ሰዓዳ መኪናው ጎን ቆመን ሻይ ጠጣን።

«መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ ነበረ» አለች ሰዓዳ። «ወርቄን ልጠራት ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ለምን?»

«ምን ብዬ? ልጄን ያሳደገችልኝን ሴት በሰው ፊት አዋረድኳት፣ እቴቴ። ጥፋቱ የጨረቃ ነው፤ እኔ በእሷ ላይ ጮህኩ። እሷ ብትሰማ ኖሮ ሳትተኛም ትሠራልኝ ነበር። ያኔም አውቀው ነበር።» እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

የዶሮው ምሥጢር አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። «እግርሽ እምቢ ካለ እጅሽስ?» አልኳት። «ያ እጅ ለገና የለመደው ሥራ አልነበረውም?»

አየችኝ። ከተራራው ስንወርድ ስልኩ እንደያዘላት ለአለቃዋ ለሱፐርቫይዘሯ ደውላ የወርቅነሽን የገና ሺፍት እኔ ልግባ አለቻት። ሴትዮዋ ወጉን ለዓመታት ስለምታውቅ ምንም አልጠየቀቻትም። በሳምንቱ ወርቅነሽ ደረጃው ላይ አገኘችኝና «ስሜን አስወጥታ የእሷን አስገብታለች! አፍ የላትም እንዴ፣ እትዬ?» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር።

የእኛ ገና ደረሰ። ፈረንጆቹ ዛፋቸውን አውጥተው ከቆሻሻው ጎን ጥለዋል፤ ከተማው በዓሉን ረስቶታል። ሰዓዳ በማለዳ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች። ወርቅነሽ ከቤተ ክርስቲያን በነጭ ልብሷ ተመልሳ ሁለቱን ድስት ጣደች። ከቀትር በፊት እኔ፣ ሐያት፣ ሊንዳና ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት ሴቶች ተሰበሰብን። ወርቅነሽ ሁላችንንም እየዞረች አስተናገደች፣ ጨምሩ፣ ብሉ አለች። ለእኔ ክር ካለበት ድስት ወጣልኝ፤ አልዋሽም፣ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ግን እሷ ውሃ ብቻ ትጠጣለች። ያን ሁሉ ሳምንት ጾማ፣ አድራ አስቀድሳ፣ ገና አልፈታችም።

«አንቺስ?» አልኳት።

«ሰው አልሞላም» አለች።

እንግዶቹ በልተው አመስግነው ሄዱ። ሊንዳም ሄደች። ፀሐይ ከበረንዳው ስትርቅ በሩ ተንኳኳ። ሰዓዳ ናት፣ ከነዩኒፎርሟ፣ ጫማዋን አንዱን እግር አውልቃ በእጇ ይዛ።

«እንኳን አደረሰሽ፣ ወርቄ» አለች ደፍ ላይ ቆማ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ አንድ ሳህን አየች፣ እኔን አየች። አልበላችም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ድስቱንም አየችው። «እስካሁን ሳትበዪ? ሞኝ ነሽ እንዴ? ማነው ጠብቂኝ ያለሽ?» ድምጿ መሐል ላይ ተሰበረ። «ወርቄ፣ ይቅር በይኝ።»

ታላቋ ነኝ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ወርቅነሽ እጇን ይዛ አስገብታ አስቀመጠቻት፣ ያልወለቀውን ጫማ አወለቀችላት፣ አጠገቧ ተቀምጣ ሳህኑን ወደ መሐላቸው ሳበችው። ሁለቱም እንባቸው እየወረደ መብላት ጀመሩ። ትንሽ ቆይታ ወርቅነሽ አፏን ጠረገችና ሱፐርቫይዘሯን ማናገሯን ነገረቻት።

«ለኢዱ የአንቺን ሺፍት ሁለቱንም ቀን በስሜ አስመዝግቤያለሁ። ጨረቃዋ በፈለገችው ቀን ትውጣ።»